እናኑ ድመት ያላመደችበት ዓመት

በግቢያችን ቀናተኛ የምትባለው እናኑ ነበረች። ባሏ አንዳርጌ ጥጥ ለቀማ ብሎ ፋው ወደሚባለው እርሻ ሄዶ እዚያው ከአንዲት ሻይ ሻጭ ጋር መቅረቱን በሰማች ጊዜ፣ በጭነት መኪና ተሳፍራ ሄዳ የሴትዮዋን ማንቆርቆሪያ ከነፍሙ ገለበጠችው፤ ባዶውንም ይዛ ተመለሰች ይባላል። እውነት ነው። ማንቆርቆሪያው ጎኑ ጎድጉዶ እኛ ቤት ውሃ ይሞቅበት ነበር። ስለዚህ ቀናተኛ ሲባል ሰው ሁሉ ጣቱን ወደ እናኑ ይቀስራል፤ እኔ ውዴም አጠገቧ ቁጭ ብዬ አብሬ እስቃለሁ። አሁን እሷ እዚህ የለችም፣ እኔም አርጅቻለሁና ልናገር። የግቢው ቀናተኛ እኔ ነበርኩ።

እናኑ የመተማ ቆላ ሰው ናት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ስትራመድ ክንዷን እንደ ወንድ የምታወዛውዝ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ የገባችው ከባሏ ጋር ሰሊጥ ለማረም ነው፤ ባሉም ሰሊጡም ሲያልቅባት የእህል ገበያ ጠራጊ ሆነች። ሥራውን ላስረዳ። ማሽላ ከጭነት መኪና ሲራገፍ፣ ሚዛን ላይ ሲወጣና ሲወርድ ከጆንያው የሚፈስ አለ። እሱን ከመሬት ጠርገን፣ ነፍተን፣ ከአፈሩና ከጠጠሩ ለይተን ለነጋዴው ድርሻውን እንሰጣለን፤ የቀረው የእኛ ነው። እናኑ ስትነፋ አቧራው ወደ ሌላው ሰው ይሄዳል እንጂ እሷ ላይ አይመጣም። ነፋሱን ታውቀዋለች።

እኔንም ያገኘችኝ እዚያው ገበያ ነው። በሰባ አምስት ዓመተ ምሕረት ወባ ጥሎኝ ከጆንያ ክምር ሥር ተኝቼ ሳለ መጥረጊያዋን ይዛ መጣችና «ተነሺ፣ እህሉ ላይ ተኝተሻል» አለችኝ። አልተነሳሁም። ጎንበስ ብላ ግንባሬን ዳሰሰች፤ ወንፊቷን ለሌላ ሴት አደራ ሰጥታ እንደ ሕፃን አዘለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ክፍል፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ አልጋ ሆንን። አልጋው እዚህ አገር አንገረብ የሚሉት የገመድ አልጋ ነው፤ እሷ በራስጌ፣ እኔ በግርጌ እንተኛለን። «ዓለሜ» ነበር የምትለኝ። የወለዱኝ እንኳ እንዲህ አቆላምጠው ጠርተውኝ አያውቁም፣ እሷ ግን ሥራ ስታዘኝም «ዓለሜ፣ እስቲ ውሃ አቀብዪኝ» ነው። በመጀመሪያው ፋሲካ አረንጓዴ አበባ ያለበት ቢጫ ሻሽ ገዝታ ራሴ ላይ አሰረችልኝ። ሁለት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከዚያ በላይ የምፈልገው ነገር አልነበረኝም።

የምንኖረው በጀማሉ ግቢ ነው። ጀማሉ ከጎንደር የመጣ ሙስሊም ባለሱቅ ነው፤ ግቢውን የምታዘው ግን ሚስቱ እትዬ ባሕሪያ ናት። ልጆቿ አድገው ከሰላ ከተማ ገብተዋል። የእኛ በር ከእሷ ኩሽና ጋር ፊት ለፊት ይተያያል። በደጃፏ ትልቅ የውሃ ገንቦ አለ፤ ግቢው ሁሉ ከሱ ይጠጣል። እኛ ሥጋቸውን አንበላም፣ እነሱም የእኛን አይበሉም። ከዚያ ውጭ ጨው ቢጎድል፣ ራስ ቢያም፣ ደብዳቤ የሚያነብ ቢጠፋ ሁሉም ወደ ባሕሪያ ነው።

ሰባ ሰባት መጣ። ዝናቡ ገዳሪፍንም ከዳ። ከወዲያ ከአገራችን በወድ ኤል ሒለው በኩል ሰው በእግሩ እየጎረፈ ይገባል፤ እናት ልጇን፣ ልጅ እናቱን እየቀበረ። እህል ገበያው በወታደር ይጠበቅ ጀመር። የሚፈሰው እህል አነሰ፣ ጠርጎ የሚሻማው በዛ። እኔና እናኑ ከመኸሩ ወዲህ ጠርገን ያጠራቀምነው አንድ ጆንያ ማሽላ ነበረን። እስከ ክረምት የሚያደርሰን እሱ ብቻ መሆኑን ሁለታችንም እናውቃለን። አይጥም ያውቅ ነበር መሰለኝ፤ ከደረቀው እርሻ ተነሥቶ እንደ ሰው ወደ ከተማ ተሰደደ።

ታዲያ በጥር መጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ እናኑ የሚንፈራገጥ ጆንያ ተሸክማ መጣች። የሚዛን ሠራተኛው ሙዘይን ከመጋዘኑ ድመቶች አንዷን ሰጥቷት ነው። ጆንያውን አልፈታችውም። መጀመሪያ ቤቱን ሦስት ጊዜ ዞረች፤ የመጣችበት መንገድ እንዲጠፋባት ነው አለችኝ። ከዚያ ገብታ በሩን ዘጋችና አወጣቻት። ግራጫ፣ አንድ ጆሮዋ የተቀደደ፣ አጥንቷ የሚቆጠር፣ አስቀያሚ ድመት። አራቱንም መዳፎቿን አመድ ነክራ ምድጃው ዙሪያ አስረገጠቻት። ከጅራቷ ጫፍ ፀጉር ቆረጠች፣ በነጭ ክር ጠቀለለችው፣ ከሦስቱ ጉልቻዎች አንዱን አነሣችና ከሥሩ ቀበረችው።

«እናቴ እንዲህ ነበር የምታደርግ» አለችኝ። «ፀጉሯ የተቀበረበትን ቤት አትለቅም።»

በመጨረሻ ቂጣ አኘከችና ከአፏ አውጥታ ሰጠቻት። ያቺ ከርታታ በላችው! እኔ በወባ እየተንቀጠቀጥኩ በገባሁ ጊዜ አኝኮ የሰጠኝ የለም። ደረቁን ቂጣ ነው የተቀበልኩት። ይኸ ትዝ ሲለኝ ራሴን ታዘብኩት፤ ቢሆንም ትዝ አለኝ።

አራት ቀን ከአንገረቡ እግር ጋር በገመድ ታስራ ቆየች። በእነዚያ አራት ቀናት እናኑ ከገበያ እየሮጠች ነው የምትመለሰው። ጫማዋን ሳታወልቅ ትንበረከካለች። የቀኑን ወሬ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ወታደሩ ማንን እንዳባረረ፣ ሁሉን ነገር ለድመቷ ታወራላታለች። ያ ወሬ የእኔ ነበር። እኔ አብሬያት ውዬ ያየሁት ነገር ቢሆንም ማታ ከእሷ አፍ ስሰማው ነበር የሚጥመኝ። አሁን ጀርባዋን ነው የማየው።

በአምስተኛው ቀን ገመዱን ፈታችላት። ድመቷ እስከ በሩ ሄደች። ውጭውን አየች፣ አፈሩን አሸተተች። እናኑ ትንፋሿን ይዛ ቆማለች። እኔ በልቤ ሂጂ፣ ሂጂ፣ ሂጂ እላለሁ። ድመቷ ዞር አለችና ተመልሳ እናኑ እግር ላይ ተኛች።

«ዓለሜ!» አለች እናኑ።

«አቤት» አልኩ።

እኔን አልነበረም።

ሁዳዴ ገባ። እናኑ ጾም ላይ ቀልድ አታውቅም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ አይነካትም፣ ቤታችንም የወተት ጠብታ የሥጋ ሽታ አይገባውም። እንግዲህ ድመቷም የምትበላው የምንበላውን ነው፤ የማሽላ ቂጣና ዘይት ያልነካው የባቄላ ወጥ። ባሕሪያ ከኩሽናዋ ሆና ትስቃለች።

«እናኑ፣ ድመቲቱንም አጠመቅሻት እንዴ? ኧረ ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ፣ አንድ ቀን ጥላሽ ትሄዳለች!»

«የኔዋ አትሄድም፣ እትዬ ባሕሪያ» ትላለች እናኑ ኮራ ብላ።

አልሄደችም። አይጥ ትይዛለች፣ ቂጣዋን ትበላለች፣ እናኑ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በር ላይ ትጠብቃታለች። ነገር ፈልጌ «አይጥ ስትበላ ጾም መሻሯ አይደለም ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ለሷ ሥራዋ ነው» አለችኝ። ጆንያችን ተጠብቆ ነበር፣ ይኸን አልክድም። አንዲት ፍሬ አልጎደለም። ግን ያናደደኝ ይኸው ነው። ወተት ሳታገኝ፣ ሥጋ ሳታገኝ፣ እንዲያው እናኑን ወድዳ መቆየቷ። በጥቅም ብትቆይ ኖሮ እንቃት ነበር።

በጾሙ በሦስተኛው ሳምንት እናኑ የድመቷን ሆድ ዳሰሰችና ፊቷ በራ። አርግዛለች። በዚያው ትንፋሽ «ውዴ፣ ግርጌውን ልቀቂላት፤ በእግርሽ እንዳትረግጫት። አንቺ ምንጣፉ ላይ ተኚ» አለችኝ። ውዴ አለችኝ፣ ዓለሜ አይደለም። ምንጣፉን ዘረጋሁ። እንባዬን ስውጥ ከላይ ድመቷ ስታንኮራፋ ይሰማኛል። የሰው ልጅ በድመት ይቀናል ወይ? ይቀናል። እኔ ቀንቻለሁ።

በዚያ ዓመት እህል ሲወደድ ሥጋ ረክሶ ነበር። ዘላኖቹ ከብቶቻቸው ሳይሞቱባቸው ይሸጡልን ብለው ገበያ ያፈስሷቸዋል። ስለዚህ በባሕሪያ ኩሽና ደጃፍ የሳንባ ቁራጭ፣ ጅማት፣ አጥንት አይጠፋም። እኔ፣ የክርስቲያን ልጅ፣ በሁዳዴ፣ የእስላም ሥጋ በወረቀት ይዤ ማንሣት ጀመርኩ። በመጀመሪያው ቀን ከበራችን ፊት አኖርኩላት። በማግሥቱ ትንሽ ራቅ አድርጌ። በሳምንቱ ከባሕሪያ ኩሽና ደፍ ላይ ደረስን። ድመቷ ትመጣለች፣ ትበላለች፣ አፏን ትልሳለች፤ ሲመሽ ግን እናኑ ግርጌ ናት።

ያን ጊዜ ነው ጉልቻው ትዝ ያለኝ።

የደብረ ዘይት እሑድ አሞኛል ብዬ ቤተ ክርስቲያን ቀረሁ። ጉልቻውን አነሣሁ። ክሩ በእሳቱ ግለት ተበልቶ አልቋል፤ ፀጉሩ ልነካው ስል ይበተናል። የምጠቀልልበት ጨርቅ ዞር ዞር ብዬ ፈለግኩ፣ አጣሁ። ቸኮልኩ። ከራሴ ሻሽ ጫፍ ቀደድኩና ጠቀለልኩት። ባሕሪያ ሱቅ ለባሏ ምሳ ልታደርስ ስትወጣ ጠብቄ ከኩሽናዋ ደፍ ሥር ቆፍሬ ቀበርኩት፤ አፈሩን በእግሬ ደመደምኩ። እጄን ታጥቤ ተኛሁ። የታመመ ሰው መስዬ ሳይሆን ታምሜ ነው የተኛሁት።

በሦስተኛው ቀን ድመቷ ሄደች። ፀጉሩ ይሁን ሳንባው እስከ ዛሬ አላውቅም። ባሕሪያ ኩሽና ከማገዶው ሥር ገብታ ተጋደመች፣ አልወጣም አለች። እናኑ ሄዳ አቅፋ አመጣቻት፣ አሰረቻት፤ ስትፈታት ተመልሳ ሄደች። ሁለተኛም አመጣቻት፤ ሁለተኛም ሄደች። በሦስተኛው እናኑ ግቢው መሃል ቆመች።

«እትዬ ባሕሪያ፣ ባል አለሽ። ልጆች አሉሽ። ሱቅ አለሽ። እኔ አንዲት ድመት ብትኖረኝ በሷም ቀናሽብኝ?»

ባሕሪያ እጇ ሊጥ እንደሆነ ወጣች። «ወላሂ አልጠራኋትም! ራሷ ናት የመጣች። ይኸው፣ ውሰጃት!»

«ሥጋ እየሰጠሽ ነው ያባለግሻት!»

«እኔ ለድመት ሥጋ የምሰጥ? ሰው በረኀብ እያለቀ? አስተግፊሩላህ!»

እኔ በራችን ላይ ቆሜ እግሬን አያለሁ። አንዲት ቃል ብናገር ያበቃ ነበር። ይባስ ብዬ፣ እናኑ ስትገባ «ተያት፣ ሀብታም እንዲህ ነው» አልኳት።

ከዚያ በኋላ እናኑ ከባሕሪያ ገንቦ እንዳልጠጣ ከለከለችኝ። ውሃ ከሩቅ እየቀዳን በራሳችን ተሸክመን እንገባለን። ባሕሪያም በሯን ዘጋች። ጨው አልቆ ሳምንት ሙሉ አልጫ በላን። አይጡ ተመለሰ። አንድ ጠዋት ጆንያውን ሳነሣ ከታች ተቀዶ ማሽላው ከአይጥ ኩስ ጋር ተቀላቅሎ አገኘሁት። እናኑ በወፍራም መርፌ ሰፋችው፤ በነጋታው በሌላ በኩል ተበሳ። እህሉን ለቅመን ስንለካው የሁለት ወር ቀለብ አልሞላም። በቀን አንዴ መብላት ጀመርን። ቅናቴ ማሽላውን ጭምር እየበላ ነበር፤ የኔንም የእሷንም።

ግርጌዬን ግን አገኘሁ። ይኸን ነበር የፈለግኩት፣ አይደል? አንገረቡ ላይ ተመልሼ ወጣሁ። እናኑን ግን አላገኘኋትም። ከገበያ ትመለሳለች፣ በራችን ላይ ትቀመጣለች፣ ዓይኗ ባሕሪያ ኩሽና ላይ ነው። ወሬ አታወራም። እኔ አወራላታለሁ፤ «እ» ትለኛለች። ድመቷ ቤታችን በነበረች ጊዜ የእናኑን ግማሽ ነበር የወሰደችብኝ፤ ከሄደች በኋላ ሁሉንም ወሰደች። አንዳንዴ ከአንገረቡ ላይ የግራጫ ፀጉር ብናኝ ታገኛለች፤ አትጥለውም፣ በጣቷ ታሻሸዋለች። ያኔ ደግሞ በሌለች ድመት እቀናለሁ።

ፋሲካ መጣ፣ ያለ ዶሮ ዋልን። በዳግማ ትንሣኤ ሳምንት ከባሕሪያ ኩሽና የጫጩት የመሰለ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። ድመቷ ወልዳለች። እናኑ ለረጅም ጊዜ ቆማ አዳመጠች። ከዚያ ድንገት ወደኔ ዞረች።

«ውዴ፣ ፀጉሯ እዚህ እያለ እንዴት ሄደች?»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል። እሷ ግን መልስ አልጠበቀችም፤ ጉልቻውን አነሣች። አመዱን በጣቷ በታተነች። የለም። ሌላውን አነሣች፣ ሦስተኛውን አነሣች። የለም። ቢላዋውን ይዛ ተነሣች፣ እኔ «ተይ፣ እናኑ» እያልኩ ከኋላዋ ሮጥኩ።

«እትዬ ባሕሪያ፣ ደፍሽን ልቆፍር» አለች።

ባሕሪያም ጎንደሬ ናት፤ ምን ማለቷ እንደሆነ ገባት። ፊቷ ጠቆረ። «ሌባ ልታደርጊኝ ነው? ቆፍሪ! ብታገኚ አፌን ዝጊው። ካላገኘሽ ግን ኸላስ፣ ነገ ከግቢዬ ትወጫለሽ። በአላህ እምላለሁ።»

በዚያ ዓመት ከግቢ መውጣት ማለት ምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ቤት የሌለው ሰው መንገድ ዳር ነበር የሚያልቅ። እናኑ ተንበረከከችና ቆፈረች። እኔ ከኋላዋ ነኝ። የቢላዋው ጫፍ ሁለት ጊዜ አፈር አወጣ፤ በሦስተኛው ቢጫ ነገር ብቅ አለ።

እናኑ አነሣችው። አፈሩን በአውራ ጣቷ ጠረገች። አረንጓዴዋ አበባ ወጣች። ለፋሲካ ገዝታ ራሴ ላይ ያሰረችልኝን ሻሽ ከማንም ይልቅ እሷ ታውቀዋለች። ቀና ብላ አላየችኝም። መዳፏን ጨበጠች።

«ምንድን ነው? አገኘሽ? አሳዪኝ!» አለች ባሕሪያ።

እናኑ ቀስ ብላ ተነሣች። አልዋሽም፣ በዚያች ቅጽበት የፈራሁት ባሕሪያን አልነበረም። ከግቢው መባረሩን አልነበረም። እናኑ ዞራ የምታየኝን አስተያየት ነበር የፈራሁት።

«የኔው ነው» አለች እናኑ። «እኔው ነኝ የቀበርኩት። ግቢውን ሁሉ እንድትለምድ ብዬ እዚህም ቀብሬ ረሳሁት። በድዬሻለሁ፣ እትዬ ባሕሪያ። ስለ ፈጠረሽ ይቅር በዪኝ።» ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመች።

የሻይ ሻጯን ማንቆርቆሪያ የገለበጠችው እናኑ፣ ለባሏ ያልተንበረከከችው እናኑ፣ የሰው ጉልበት ሳመች፤ በኔ ጥፋት። ባሕሪያ አንዴ የተጨበጠውን እጅ አየች፣ አንዴ ራሴ ላይ ያለውን ጫፉ የተቀደደ ሻሽ አየች። ብዙ ነገር ልትናገር ትችል ነበር። «ማሌሽ፣ ግድ የለም» ብላ ብቻ ወደ ኩሽናዋ ገባች።

ክፍላችን ስንገባ በሩን ዘጋች። እኔ ማንቆርቆሪያውን ነበር የማየው፤ አሁን አንሥታ ትወረውርብኛለች ብዬ። ቢመታኝ ደስ ባለኝ።

«ቁጭ በዪ» አለችኝ።

ተቀመጥኩ። ምላጭ አወጣች። ሻሼን ፈታችው። ራሴን ልትላጨኝ ነው አልኩ፤ ይገባኛልም አልኩ፤ አንገቴን ደፋሁላት። እሷ ግን ከማጅራቴ በኩል አንዲት ዘለላ ብቻ ቆረጠች።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። ድምፅዋ ሻካራ ነበር፣ ገና አልበረደላትም። «ያቺን ድመት ስንት ነገር አድርጌ አላመድኳት። አንቺን አዝዬ አመጣሁና ጣልኩሽ፤ በማግሥቱ ወደ ሥራዬ። የለመድሽ መስሎኝ። ለካ ይኸን ያህል ጊዜ በር በሩን ነው የምታዪው።»

የኔን ፀጉር ከድመቷ ፀጉር ጋር በዚያው ቢጫ ጨርቅ ጠቀለለችው። ጉልቻውን አነሣች፣ ቀበረች፣ መለሰች። ከሞሰቡ ቂጣ ቆርሳ ሰጠችኝ።

«ይኸን ግን አላኝክልሽም» አለች። «ጥርስ አለሽ።»

እያለቀስኩ በላሁት። ደርቆ ነበር።

በዚያው ታረቅን ብል ውሸት ነው። እስከ ሰኔ ድረስ ውዴ እንጂ ዓለሜ አላለችኝም፤ በዚህም አልፈርድባትም። ባሕሪያ ዘንድ ብቻዬን ሄጄ ስናዘዝላት «ሻሽሽን አይቼዋለሁ፣ ውዴ። ከገንቦው ጠጪ በይ» አለችኝ። ረመዳን ሲገባ ኩሽናዋ ቀኑን ሙሉ ቀዝቅዞ ዋለ። አንድ ቀትር ላይ ድመቷ ልጆቿን አንድ በአንድ በአፏ አንጠልጥላ ግቢውን ተሻገረችና እኛ ቤት አስገባች። ማታ ባሕሪያ ስታፈጥር ደግሞ እዚያ ሄዳ ትጠብቃታለች። ሁለት ቤት ትበላ ጀመር፣ ሁለቱንም ትጠብቅ ጀመር። ከጆንያው የተረፈው ማሽላ ክረምቱ ዝናብ እስኪጥል ድረስ አደረሰን፤ ለጥቂት። እናኑ የድመቷን አገጭ ስታክላት አሁንም እቀና ነበር። ግርጌውን ለቅቄላት ምንጣፌን የዘረጋሁት ግን ራሴ ነኝ።

ድመቷ በእርጅና ሞተች። በሰማንያ አራት፣ መንግሥት ከተለወጠ በኋላ፣ አንዳርጌ ከፋው መጣ። ሸብቶ፣ አንድ ዓይኑ ሞራ ለብሶ። አገር ሰላም ሆኗልና ወደ መተማ እንመለስ አላት። ጠላሁት። ሻይ ሳቀርብለት ስኳር አልጨመርኩበትም። እናኑ ሦስት ቀን አሰበች፣ በአራተኛው ጓዟን ሸከፈች።

«ነይ አብረን እንሂድ፣ ዓለሜ» አለችኝ።

«እሱ ባለበት አልሄድም።»

«ቀናተኛ!» ብላ ሳቀች፤ ዓይኗ ግን ሞልቷል። «እንግዲያው ፀጉርሽን አውጥቼ ልፍታሽ? ታስረሽ ብቻሽን እንዳትቀሪ።»

«ተይው» አልኳት።

ከሄደች በኋላ አሥር ቀን እሳት አላነደድኩም። ባሕሪያ ናት ምግብ የምትልክልኝ። በአሥራ አንደኛው ቀን ተነሣሁና ምድጃውን ላድስ አልኩ። ጉልቻውን አነሣሁት። ቢጫው ጨርቅ ጠቁሮ ከፀጉሩ ጋር ተጣብቋል። ፈታሁት። የድመቷ ግራጫ ፀጉር አለ። የኔ ጥቁር ፀጉር አለ። በሁለቱ መሃል በነጭ ክር የታሰረ ረጅም ዘለላ አለ፤ ግማሹ ሽበት ነው። መቼ እንዳስገባችው አላውቅም።

መልሼ ጠቀለልኩት፣ መልሼ ቀበርኩት፣ እሳት አነደድኩበት። አንዳርጌ ይዟት ሄደ። ፀጉሯ ግን እኔ ቤት ነው።